አፍንጫ ሲናፈጡ ጆሮ ለምን ያማል?

በደጋ ዳሞት የጥቅምት ውርጭ ከገባ በኋላ ጉንፋን ያልጎበኘው ቤት አይገኝም። በፈረስ ቤትና በዙሪያዋ ባሉ አጥቢያዎች በኪዳንና በቅዳሴ ሰዓት ሳሉና መናፈጡ ከዜማው ጋር አብሮ ይሰማል። ጉንፋን በራሱ ብዙ ጊዜ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ሰንብቶ የሚሄድ ሕመም ስለሆነ ማንም አብዝቶ አይጨነቅበትም። ይሁንና ብዙዎች፣ ይልቁንም ሕፃናትና የአብነት ተማሪዎች፣ አጥብቀው በተናፈጡ ጊዜ ጆሯቸው በድንገት እንደሚደፈን ወይም እንደ መርፌ እንደሚወጋቸው ይናገራሉ። ከእነዚህ ጥቂቶቹን ከቀናት በኋላ ትኩሳትና እንቅልፍ የሚነሣ የጆሮ ሕመም ይከተላቸዋል፤ ከዚያም አልፎ ጆሯቸው መግል ማፍሰስ የሚጀምር አሉ።

በዚህ እትም ይህን ጉዳይ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት አባቶቻችን ልናብራራ የመረጥነው፣ የጆሮ ሕመም ሰው የሚሞትበት ትልቅ ወረርሽኝ ነው ብለን አይደለም። የአብነት ትምህርታችን ከብራና በፊት በጆሮ የሚገባ ትምህርት ስለሆነ ነው። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ አገር ናት። ቅኔ በቃል ተነግሮ በቃል ይነጠቃል፤ ዜማም ከመምህሩ አፍ ወደ ደቀ መዝሙሩ ጆሮ ይተላለፋል። ስለዚህ ጆሮው የተጎዳ ተማሪ ዐይኑ እያየ፣ ልቡናው እየነቃ፣ ከትምህርቱ መካከል ሊቀር ይችላል።

አስቀድመን ነገሩ እንዴት እንደሚሆን እንመልከት። ጆሮና አፍንጫ ከውጭ ሲታዩ የተራራቁ ይመስላሉ፤ በውስጥ ግን ጎረቤቶች ናቸው። ከጆሮ ቀዳዳ መጨረሻ ላይ የጆሮ ታምቡር የተባለ ስስ ሽፋን ተወጥሮ ይገኛል። ከታምቡሩ በስተጀርባ የባቄላ ፍሬ የምታክል፣ አየር የሞላባት ትንሽ ክፍል አለች፤ መካከለኛው ጆሮ የምንላት እርሷ ናት። በውስጧ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ተያይዘው ድምፅን ወደ ውስጥ ያሻግራሉ። ቀደምት ሐኪሞች ስም ሲያወጡላቸው አንዱን በመዶሻ፣ ሁለተኛውን በቀጥቃጭ መስፍ፣ ሦስተኛውን በእርካብ መስለዋቸዋል። እርካቡ በሰው ገላ ካሉት አጥንቶች ሁሉ የመጨረሻው ትንሹ ነው፤ ርዝመቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስሟን ከፈረስ በወሰደች ከተማ ለሚኖሩ አንባቢዎቻችን ይህ ስያሜ እንግዳ አይሆንባቸውም ብለን እናስባለን።

ከዚህች ክፍል አንድ ጠባብ ቱቦ ተነሥቶ ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከእንጥል በላይ ባለው የጉሮሮ ክፍል ይከፈታል። ቱቦውን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዝርዝር የገለጸው ባርቶሎሜዎ ኤውስታኪ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ስለሆነ፣ ሕክምናው እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራዋል። በአዋቂ ሰው ርዝመቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ተዘግቶ ይኖራል፤ ምራቅ ስንውጥና ስናዛጋ ለቅጽበት ይከፈትና በመካከለኛው ጆሮ ያለውን አየር ከውጭው አየር ጋር ያስተካክላል። በስንዋጥ ጊዜ በጆሯችን ውስጥ የምንሰማት ትንሽ ድምፅ የዚህ ቱቦ በር ስትከፈት ናት።

ይህ መስተካከል ለምን እንዳስፈለገ ከካህናት የተሻለ የሚረዳ የለም። ከበሮ የሚመታ ሰው ያውቃል፦ ቆዳው በሚገባ ካልተወጠረ ድምፁ አይወጣም፤ እርጥበት ገብቶበት ከረገበም በፀሐይ ወይም በእሳት ዳር አሙቀው ይመልሱታል። የጆሮ ታምቡርም እንዲሁ ነው። በውስጥና በውጭ ያለው አየር እኩል ሲሆን በነፃነት ይርገበገባል፤ አንዱ ወገን ሲገፋው ይወጠራል፣ ያምማልም። ከበስተጀርባው አየር ሳይሆን ውኃ ወይም መግል ሲሞላበት ደግሞ እንደረጠበ ከበሮ ድምፁ ይታፈናል።

ጉንፋን ሲይዘን የአፍንጫና የጉሮሮ ውስጥ ሽፋን ያብጣል፤ የቱቦውም አፍ አብሮ ያብጥና ይጠብባል፤ ንፍጥም ይከማችበታል። በዚህ ጊዜ ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች በመሐረብ አፍኖ፣ አፍን ገጥሞ፣ በሙሉ ኀይል የሚናፈጥ ሰው በአፍንጫው ጀርባ ትልቅ ግፊት ይፈጥራል። አየሩ በፊት መውጫ ስላጣ በኋላ ይፈልጋል፤ ቱቦውን በርግዶ ወደ መካከለኛው ጆሮ ይገባል። ታምቡሩ ወደ ውጭ ይለጠጣል፤ የሚወጋው ሕመምና የመደፈን ስሜት ከዚህ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ጥቂት ምራቅ ከዋጡ በኋላ ይለቃል። እስከዚህ ያለው የሚያስፈራ አይደለም።

የሚያሳስበው ከአየሩ ጋር ንፍጡም መገፋቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። ሰዎች ሲያስነጥሱ፣ ሲያስሉና ሲናፈጡ በአፍንጫ ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት ለኩ፤ መናፈጥ የሚፈጥረው ግፊት ከሁለቱ ከዐሥር እጥፍ ያላነሰ ሆኖ አገኙት። ፈሳሹም በመናፈጡ ኀይል በአጥንት ውስጥ ወዳሉት የአየር ኪሶች፣ ሕዝባችን ሳይነስ ብሎ ወደሚጠራቸው ቦታዎች ሲገባ በራጅ ምስል አዩ። ማስነጠስ እንዲያ እየጮኸ ግፊቱ ማነሱ ሊያስገርም ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ የሚያስነጥስ ሰው አፍንጫውን አይዘጋም። ጥናቱ የተደረገው በሳይነስ ላይ እንጂ በጆሮ ላይ አይደለም። ቢሆንም ሐኪሞች በጉንፋን ጊዜ አጥብቆ መናፈጥ ጀርም ያለበትን ንፍጥ በቱቦው ወደ ጆሮ ሊገፋ እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ፤ የኀይሉን መጠን ላወቀ ሰው ምክሩ ይገባዋል።

በሕፃናት ላይ ነገሩ ይበረታል። የሕፃን ቱቦ ከአዋቂው በግማሽ ያጠረ ነው፤ ደግሞም እንደ አዋቂው ወደ ታች የተዘቀዘቀ ሳይሆን ወደ አግድም የተጋደመ ነው። ስለዚህ ከአፍንጫ ወደ ጆሮ የሚወስደው መንገድ ለንፍጡ አጭርና ሜዳ ይሆንለታል። ልጁ ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ሲደርስ ቱቦው የአዋቂውን መልክ እየያዘ ይሄዳል። እናቶች ልጃቸውን ሲያናፍጡ ሁለቱን ቀዳዳ ጨምቀው «በርታ፣ ግፋ!» የሚሉት በፍቅር ነው፤ ለጆሮው ግን አይበጅም።

ታዲያ እንዴት እንናፈጥ? አንዱን ቀዳዳ በጣት በቀስታ ዘግቶ፣ አፍን ጥቂት ከፍቶ፣ በሌላው ቀዳዳ በለሆሳስ መናፈጥ፤ ከዚያ በተራው ሌላውን። አንድ ጊዜ ካልወጣ ደጋግሞ በቀስታ መሞከር እንጂ ኀይል መጨመር አያስፈልግም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳናነሣ ማለፍ አልፈለግንም። ገበሬው በእርሻ ላይ ሳለ አንዱን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ይዞ በሌላው ወደ መሬት የሚናፈጠው ልማድ በከተማ ሰው ዘንድ እንደ ነውር ይቆጠራል። ለጆሮ ግን ሁለቱንም ቀዳዳ በመሐረብ ጨምቆ ከሚናፈጠው ይሻላል፤ ሁልጊዜ አንድ መውጫ ክፍት ነውና። ጉድለቱ የንጽሕና ነው፦ በዚያው እጅ ሞሰብ ይቀርባል፣ በዚያው እጅ ሰላምታ ይሰጣል። በጋቢ ጫፍ ከመጥረግ ለብቻው የተያዘ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ሶፍት ይዞ፣ ከዚያም እጅን በሳሙና መታጠብ ሁለቱን ያስታርቃል። ንፍጥን ወደ ውስጥ ደጋግሞ መማግም እንዲሁ የጆሮውን ግፊት ያዛባል።

ንፍጡ ወፍሮ አልወጣ ካለ በግድ ከመግፋት ማቅጠን ይቀላል። ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ፣ ለሕፃን ጥቂት ጠብታ፣ ለአዋቂ ጥቂት ጨምሮ በየቀዳዳው ማድረግ ንፍጡን ያላላዋል። ውኃው የፈላ መሆኑ የግድ ነው፤ ከምንጭ እንደተቀዳ ወደ አፍንጫ አይገባም። ለየዕለቱ አዲስ መበጥበጥ ያስፈልጋል።

የአገራችን አቀማመጥ የሚጨምረው ሌላ ምክንያትም አለ። ከፈረስ ቤት ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ በመኪና የሚወርድ ሰው፣ ይልቁንም ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚቆለቆል ሰው፣ ጆሮው እንደሚደፈን ያውቃል። በደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ወደ ቆላ ስንወርድ አየሩ ይከብድና ታምቡሩን ወደ ውስጥ ይጫነዋል። ከደጀን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ መኪና ይህን በአንድ ሰዓት ገደማ ይወርደዋል። ጤነኛ ሰው ምራቁን እየዋጠ ያልፈዋል። ጉንፋን የያዘው ግን ቱቦው ስላበጠ አየሩ አይገባለትም፤ ሕመሙ ሲጸናበት አፍንጫውን ይዞ በኀይል ይነፋል። ይህን ዘዴ አንቶኒዮ ማሪያ ቫልሳልቫ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው መጽሐፉ ገልጾታል፤ እርሱ ግን ያሰበው የተበሳ ጆሮ ውስጥ ያለውን መግል ለማስወጣት ነበር። ዛሬ አውሮፕላን አብራሪዎችና ጠላቂ ዋናተኞች ይጠቀሙበታል፤ ጉንፋን ላለበት ሰው ግን አይመከርም። ለመንገደኛው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ አንሥቶ ቆሎ ማኘክ፣ ማዛጋት፣ መዋጥ ይሻለዋል። በጾም ሰዓት ቢሆን ምራቅ መዋጥ ብቻውን ይበቃል። ሕፃን የያዘች እናት ቁልቁለቱ ላይ ጡት ብታጠባው ልጁ እየዋጠ ስለሚወርድ ጆሮው አይጨነቅም፤ የተኛ ሕፃን ካለ ግን በመውረጃው ላይ መቀስቀስ ነው፣ ቢያለቅስም እንኳ ማልቀሱ ቱቦውን ይከፍትለታል።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀታችን እንምጣ። ጀርሙ በመካከለኛው ጆሮ ከተራባ በኋላ መግል ይጠራቀማል፤ ታምቡሩ ይወጠራል፤ ሕመሙ በተለይ በሌሊት ይጸናል። መናገር የማይችል ሕፃን ጆሮውን ይጎትታል፣ ይነጫነጫል፣ ያተኩሰዋል፣ ጡት ለመጥባት ይጀምርና እያለቀሰ ይተወዋል፤ መጥባት ግፊቱን ስለሚለዋውጥበት። ከዚያ አንድ ሌሊት ታምቡሩ ይበሳና መግሉ ይፈሳል። ሕመሙ ወዲያው ይቀልለታል፣ ትኩሳቱም ይወርዳል፣ ልጁ ይተኛል። ቤተሰቡም «ፈነዳለት፣ ተመስገን» ይላል። ይህ እፎይታ ግን አታላይ ነው። እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ የተበሳው ታምቡር በንጽሕና ከተያዘና ከታከመ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ራሱ ይገጥማል። ሳይታከም በየጉንፋኑ የሚመላለስ ከሆነ ግን ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ጆሮው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ያለ ሕመም መግል ያፈሳል። ስለማያመው ማንም ወደ ሐኪም አይወስደውም። በሽታው መስማትን የሚበላው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው። ሲናፈጥ አየር በጆሮው እያፏጨ የሚወጣ ሰው ካለ ታምቡሩ የተበሳ መሆኑን በዚያው ይወቅ።

የጤና ሠራተኞች የሕፃናትን የጆሮ ሕመም የሚለዩበት መመሪያ ለሁላችን ለማስታወስ ይቀላል። ጆሮው የሚያመው ወይም መግል መፍሰስ ከጀመረ 14 ቀን ያልሞላው ልጅ፣ ሕመሙ አጣዳፊ ነው፤ በመድኃኒት ይድናል። 14 ቀንና ከዚያ በላይ የፈሰሰው ሥር የሰደደ ነው፤ እርሱም ይታከማል፣ ጊዜና ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ከጆሮው ጀርባ ያለው አጥንት ያበጠና ሲነኩት የሚያመው ልጅ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት፤ መግሉ ወደ አጥንቱ ገብቷል፣ ከዚያም ወደ አንጎል ሽፋን ሊዘልቅ ይችላል። አንገቱ የገተረ፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ ፊቱ ወደ አንድ ወገን የተጣመመ፣ ወይም ጽኑ ራስ ምታትና ማዞር ያለበትም እንዲሁ። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ጆሮው ቢፈስ ቀን አይቆጠርለትም፤ በዚያው ዕለት ይወሰድ።

መንገድ ሩቅ በሆነበት ቀበሌ፣ ወይም በጸጥታ ምክንያት መንገዱ ለሳምንት በሚዘጋበት በዚህ ጊዜ፣ በቤት ሊሠራ የሚችል አንድ ጠቃሚ ነገር አለ፤ የሚፈስ ጆሮን ማድረቅ። ንጹሕ፣ የታጠበና በፀሐይ የደረቀ ስስ የጥጥ ጨርቅ ይቆረጣል፤ ጫፉ ሹል እስኪሆን እንደ ጧፍ ይጠቀለላል። በቀስታ ወደ ጆሮው ቀዳዳ ገብቶ መግሉን ይመጥጣል፤ ሲረጥብ ይጣልና በሌላ ይተካል፤ ጨርቁ ደርቆ እስኪወጣ ድረስ ይህ ይደገማል። በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያስፈልጋል። በእንጨት ላይ የተጠመጠመ ጥጥ፣ የክብሪት እንጨት፣ የዶሮ ላባ አይገባም። ጨርቁንም በጆሮ ውስጥ ረስቶ መተው አይገባም። ጧፍ ሲጠቀልሉ ያደጉ እጆች ይህን ለመሥራት ማንም አያስተምራቸውም። መድኃኒት በሐኪም ሲታዘዝም፣ ጠብታው የሚሠራው ጆሮው አስቀድሞ በዚህ መልክ ከደረቀ ብቻ ነው፤ በመግል ላይ የተጨመረ ጠብታ ከመግሉ ጋር ይፈሳል።

በጆሮ ውስጥ ስለሚጨመረው ነገር ግልጽ ሆነን መናገር ይገባናል። የጤና አዳም ጭማቂ፣ የነጭ ሽንኩርት ውኃ፣ ቅቤ፣ የጡት ወተት በየቤቱ ይጨመራል። ታምቡሩ ተበስቶ እንደሆነ ከውጭ በዐይን አይታይም፤ የተጨመረው ሁሉ በቀዳዳው አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። ባህላዊ መድኃኒትን ሁሉ ለመንቀፍ አይደለም፤ ጤና አዳም በቡና ላይ ክብሩ የተጠበቀ ነው። በሚያመው ጆሮ ውስጥ ግን ቦታ የለውም። ከዚህ የከፋው፣ ጉሮሮውና ጆሮው ያመመውን ሕፃን እንጥሉ ወርዷል ብሎ ማስቆረጥ ነው። ይህ የጆሮውን ቱቦ አይከፍትም፤ ደም መፍሰስና ቁስል መመረዝ ግን ያመጣል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችንም የሕፃን እንጥል መቁረጥን ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ተርታ ስሙን ጠርቶ ይከለክላል።

ስለ ጠበል የሚጠይቁ ምእመናን ይኖራሉ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። የተበሳ ጆሮ ውኃ ሲገባበት ሕመሙ ያገረሻል፤ ወንዝ ውስጥ መዋኘትም ይህንኑ ያደርጋል። ይህ ግን ከጠበል አያስቀርም። ቅባት የተነከረ ጥጥ በጆሮው ቀዳዳ አፍ ላይ አድርጎ መጠመቅ፣ ከተጠመቁ በኋላም አውጥቶ መጣል ይቻላል። አጥማቂ ካህን «ጆሮው የሚፈስ አለን?» ብሎ አስቀድሞ ቢጠይቅ ብዙ ልጆችን ይጠብቃል። ቤተ ክርስቲያናችን በኤች አይ ቪ መድኃኒት ጉዳይ ጠበልና መድኃኒት አብረው እንዲሄዱ ስታስተምር ቆይታለች፤ የጆሮውም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም።

መድኃኒትን በሚመለከት አጭር ነገር ብቻ እንበል። ለሕመሙና ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ለልጆች አስፕሪን አይሰጥም። ፀረ ተሕዋሲያን መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስነው መርምሮ ያየ ባለሙያ ነው፤ ከሱቅ ፍሬ ቆጥሮ መግዛት፣ ከጎረቤት የተረፈውን መዋጥ፣ የታዘዘውንም ሲሻል አቋርጦ ማስቀመጥ በሽታውን ያለማምደዋል። ለሕፃናት ክትባት ይጠቅማል። ለጆሮ መመርቀዝ ዋና ምክንያት ከሆኑት ጀርሞች አንዱን የሚከላከለው የኒሞኮካል ክትባት በአገራችን በ2004 ዓ.ም. መሰጠት ጀምሯል፤ የኩፍኝ ክትባትም ኩፍኝን ተከትሎ የሚመጣውን የጆሮ ሕመም ያስቀራል። የጎጆ ጭስም ችላ የሚባል አይደለም፤ በጭስ ውስጥ የሚያድግ ልጅ አፍንጫውና ቱቦው ሁልጊዜ እንዳበጠ ይኖራል።

የአብነት ተማሪውን በመጨረሻ ያቆየነው ስለ እርሱ ብዙ የምንለው ስላለን ነው። ከወላጁ ርቆ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ በጠባብ ጎጆ ከጓደኞቹ ጋር ተፋፍጎ ያድራል፤ አንዱን የያዘው ጉንፋን ሌሎቹን ይዞራል። ጆሮው ቢፈስ የሚያይለት እናት የለችም። ሽታ ሲያመጣበት ጓደኞቹ ይርቁታል፤ እርሱም አፍሮ ከኋላ ይቀመጣል፤ ከኋላ ሲቀመጥ የበለጠ አይሰማም። በመካከለኛው ጆሮ ፈሳሽ ያለበት ልጅ የሚሰማው ሁለት ጣቶቹን በጆሮዎቹ ውስጥ ወትፎ እንደሚሰማ ሰው ነው። ፈሳሹ መግሉ ከዳነ በኋላም ለሳምንታት፣ አንዳንዴ እስከ ሦስት ወር ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ ጭራሽ ደንቆሮ ስላልሆነ ሲጠሩት አቤት ይላል። የሚጠፉበት ደካሞቹ ድምፆች ናቸው። በግእዝ «ቤት» እና «ቤተ» የሚለዩት በመጨረሻዋ ስስ ድምፅ ነው፤ አንዷ ባለቤትን፣ ሌላዋ ተሳቢን ወይም ዘርፍ ያዥን ታመለክታለች። ያቺ ድምፅ ካልተሰማችው ንባቡ ይፈርሳል፤ ተነሹን በወዳቂ፣ ሰያፉን በተጣይ ያነባል። በዜማም የመምህሩን ርክርክና ቁርጥ አይለይም። ከዚያ በኋላ ሰነፍ ተብሎ ይቀጣል። በየጉባኤው ልቡ አልበራለትም ተብለው ወደ ቤታቸው ከተመለሱት ልጆች መካከል ስንቶቹ ጆሯቸው ብቻ ታሞ እንደነበር ማን ቆጠረ?

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ የመስማት ችግራቸው ድጋፍ የሚያሻው ሰዎች በዓለም ላይ ከ430 ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን፣ በልጅነት ከሚደርሰው የመስማት ጉዳትም 60 ከመቶ ያህሉን መከላከል እንደሚቻል ገልጿል። የጆሮ መመርቀዝ መከላከል ከሚቻሉት ውስጥ አንዱ ነው። ስለዚህ የኔታ አንድ ተማሪ በድንገት ትምህርቱ ሲከብደው ቢያዩ፣ ከመቆጣት በፊት ጆሮውን ቢጠይቁት፣ ከበስተጀርባው ቆመው በለሆሳስ ስሙን ቢጠሩት፣ ሁኔታውን ይረዱታል። የሚፈሰው ልጅ ሕክምናውን እስኪጨርስ ድረስ ከመምህሩ አጠገብ፣ የሚሻለው ጆሮው ወደ መምህሩ ዞሮ ቢቀመጥ ጥናቱ አይቋረጥበትም። በሽታው በመቀራረብ አይተላለፍም፤ ሊለይ አይገባውም። የሚተላለፈው ጉንፋኑ ነው።

ሰበካ ጉባኤው ደግሞ ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል። አንደኛው፣ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በዓመት አንድና ሁለት ቀን ወደ አብነት ትምህርት ቤቱ መጋበዝ ነው። ጆሯቸው የሚፈሰውን ለይታ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች፤ ከዚያ በላይ የሚያሻው ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል፣ የአንገት በላይ ሐኪም የሚያስፈልገውም ወደ ባሕር ዳር ይላካል። በባሕር ዳር የተበሳ ታምቡር በቀዶ ሕክምና የሚጠገንበት ዕድል ስላለ፣ ለዓመታት የፈሰሰ ጆሮ ያለው ሰው ተስፋ አይቁረጥ። ጉንፋን ሳይኖረው አንድ ጆሮው ብቻ ለሳምንታት ተደፍኖ የቀረ አዋቂም በዚሁ መንገድ መታየት አለበት።

ሁለተኛው የገንዘቡ ነገር ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የሚመዘግበው በአባወራና በእማወራ ነው፤ ከሩቅ አገር የመጣው ተማሪ በተማረበት ቀበሌ በማንም ቤተሰብ ውስጥ ስለማይቆጠር ብዙ ጊዜ ከመድኑ ውጭ ይቀራል። አንዳንዱ ምእመን ተማሪዎችን በቤተሰቡ አስመዝግቦ መያዝ ይችል እንደሆነ፣ ካልሆነም ቀበሌው መክፈል ለማይችሉ በሚመርጣቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ እንዲገቡ ሰበካ ጉባኤው መጠየቅ ይችላል። ምዝገባውና እድሳቱ ብዙ ጊዜ የሚካሄደው ከመኸር በኋላ ስለሆነ፣ የተማሪዎቹ ስም ዝርዝር በየኔታ ፊርማና በአጥቢያው ማኅተም ከወዲሁ ተዘጋጅቶ ቢቀመጥ ቀኑ አያመልጥም።